ቀዩን የነካ እጅ

ጌትነትን ያገኙት ለታንኳ መሥሪያ ደንገል ሊያጭዱ የወረዱ ሰዎች ናቸው። ሐሙስ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ከሚሠራበት ከማኅደረ ብራና ጓሮ ወደ ጣና በሚወርደው የድንጋይ ደረጃ ሥር፣ ፊቱን ውኃ ውስጥ ደፍቶ ተገኘ። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር፤ የኮምፒውተር ባለሙያ፣ ዝምተኛ፣ ለሰው ክፉ ተናግሮ የማያውቅ። ባሕር ዳር ላይ ወሬ አያድርም፤ ሟቹ ከደንገሉ ሳይወጣ የገዳዩ ስም መናኸሪያ ደርሶ ነበር።

ገዳይ የተባሉት መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ ናቸው፤ የሰባ አንድ ዓመት የቅኔ መምህር፣ የዓይናቸው ብርሃን ከግማሽ በላይ የሄደ። መቋሚያቸው ከሬሳው አጠገብ ተገኘ። ፖሊስ ዘንዘልማ ካለው ቤታቸው ሄዶ ሲጠይቃቸው «አዎ፣ እኔ ነኝ የገደልሁት» አሉ። ዱላ አለ፣ ሟች አለ፣ ያመነ ሰው አለ። ሳጅን ገብረ ክርስቶስ መዝገቡን እስከ ምሳ ሊዘጋው አስቦ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ብሆን እዘጋው ነበር። ደግነቱ ጉዳዩን የያዘችው ኢንስፔክተር ጽጌ ነበረች።

ጽጌ የደልጊ ቄስ ልጅ ናት። አጭር፣ ቀጭን፣ ለነገር የማትቸኩል። አንድ አመል አላት፤ ሌላው መርማሪ «ንገረኝ» በሚልበት ቦታ እሷ «አሳየኝ» ትላለች። ባልደረቦቿ በዚህ ይቀልዱባታል። እሷ ግን ሰው በአፉ የሚዋሸውን ያህል በእጁ አይዋሽም ባይ ናት።

«መቋሚያው የት ነበር?» አለች ደረጃው ላይ ቆማ።

«እዚህ፣ ከጭንቅላቱ አጠገብ» አለ ሳጅኑ። «ሐኪሙ የገጨው የድንጋይ ጠርዝ ነው ይላል። ገፍተውታል ማለት ነው፤ ከዚያ ደንግጠው ዱላቸውን ጥለው ሄዱ።»

ጽጌ ከአጫጆቹ አንዱን ረዥም የታንኳ መግፊያ ዘንግ ለመነችና ለሳጅኑ ሰጠችው። «እስቲ ሽማግሌ ሁንና ከዚህ እስከዚያ ተደግፈህ ሂድ። አሳየኝ።»

ሳጅኑ ሳቅ አለና አራት እርምጃ ሄደ። በየእርምጃው ዘንጉ ስንዝር ስንዝር ጭቃ ውስጥ ገባ። ሲመለስ ጫፉ ጥቁር ሆኗል።

ጽጌ በፕላስቲክ የተጠቀለለውን መቋሚያ አነሣች። ጫፉ ንጹሕ ነበር። «ይኼ ዱላ እዚህ ድረስ ተደግፈውት አልመጣም» አለች። «በእጅ ተይዞ መጥቶ ነው የተቀመጠው።»

«ሰውዬው አምነዋል እኮ ኢንስፔክተር። ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ነው የሚቀርቡት።»

«እንግዲያው እስከ ነገ ጠዋት ጊዜ አለኝ።»

ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ የመሪጌታ ልጅ ጸሎት ቆማለች። በእጇ ትንሽ የዓይን ጠብታ ይዛለች። «የጠዋቱ አልገባላቸውም» አለች ጽጌን ስታይ። «ሐኪሙ አንድም ቀን አታቋርጡ ብሎናል። የቀረችውም ብርሃን ከጠፋች አትመለስም። ምግብም አልቀምስ ብለዋል። እባክዎ፣ እሳቸው ሰው አይገድሉም።» ጽጌ እጇን ይዛ አስገባቻት፤ ጠብታው እስኪገባላቸውም ድረስ አንድም ጥያቄ አልጠየቀችም።

«አባቴ፣ እንዴት ገደሉት?»

«በአፌ» አሉ መሪጌታ።

«በአፍ ሰው አይሞትም።»

«ያንቺ አባት ቄስ ናቸው አሉ፤ እንዲህ ብለው ነው ያስተማሩሽ?» ሽማግሌው ግድግዳውን ተደገፉ። «የኔታ ገብረ ሕይወት መምህሬ ነበሩ። አራት መቶ ሠላሳ ቅኔ ትተውልኝ ሞቱ፤ ሁሉም በቃሌ ነው ያለው። ከእኔ በቀር የያዘው የለም። ዓይኔ ሳይጨልም፣ ልቤም ሳይረሳ ልጻፈው ብዬ አሥራ አራት ወር ኮምፒውተር በሚሉት መኪና ፊት ተቀመጥሁ። የማያይልኝን ዓይን ትቼ በቦታና በቀለም ለመድሁት። ጌትነት ነው ያስተማረኝ። ጽፌ ስጨርስ በላይኛው ቀኝ ጥግ ያለውን ቀዩን እነካለሁ፣ ይቀመጣል። ትናንት ከምሳ በኋላ እንደወትሮዬ ቀዩን ነካሁ። አንድ ነገር በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ። አሁንም ቀዩን ነካሁ። ባዶ ሆነ።»

«ሁሉም?»

«አራት መቶ ሠላሳውም። ጌትነት ሊመልሰው ሞከረ፣ አልሆነለትም። ያን ጊዜ እንደ እብድ አደረገኝ። 'ጽሑፉ እንደከዳኝ አንተንም መሬት ይክዳህ' አልሁት። በሁሉ ፊት። ዝም ብሎ አየኝ እንጂ አልመለሰልኝም። ይኸው መሬት ከዳው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ልጄ። ሌላ ገዳይ አትፈልጊ።»

«መቋሚያዎን የት ጣሉት?»

«እኔ እንጃ። ስወጣ እዚያው ረስቼዋለሁ መሰለኝ። ልጅቷ፣ ሊድያ፣ በትከሻዋ ደግፋ በባጃጅ ቤቴ አደረሰችኝ።»

«ከዚያ ወዲያ ከቤት ወጥተዋል?»

«የት እወጣለሁ? እርግማን ግን በእግሩ ይሄዳል።»

ጽጌ አባቷን አይታባቸዋለች።

ማኅደረ ብራና የብራና መጻሕፍትንና በሊቃውንት ቃል ብቻ ያለውን ቅኔ በኮምፒውተር የሚያስቀምጥ ትንሽ ቤት ነው። ጽጌ ስትደርስ ሊድያ ዓይኗ አብጦ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣለች። ጽሑፍ ለቃሚ ናት፤ ከጌትነት ጋር ሁለት ዓመት ሠርታለች።

«ያ ቀይ ምንድን ነው?» አለቻት ጽጌ።

«ጌትነት ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት የመረጠው እንደፈለገ ስለሚያበጀው ነበር» አለች ሊድያ። «ስክሪኖቹን በጣት የሚነኩ አደረጋቸው። ሁሉንም ፕሮግራም አንድ መልክ አለበሰው፤ ጀርባው የብራና ቀለም፣ ፊደሉ አንድ፣ የሁሉም ቁልፍ ቦታው አንድ። ቃሉን ደግሞ በግዕዝ አደረገው፤ የሚሠሩበት ሊቃውንት ናቸዋ። ብራና ላይ በቀይ የሚጻፈው የተከበረው ስም አይደል? ስለዚህ የሚያስቀምጠው ቁልፍ ቀይ ይሁን፣ የሚያጠፋው ጥቁር ይሁን አለ። ሽማግሌዎቹ በአንድ ቀን ለመዱት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አፕዴት በመጣ ቁጥር አንድ ነገር ይፈርሳል። አንዱ ፕሮግራም 'የቤታችሁን ቀለም አልለብስም' ይላል፣ አንዱ ሜኑውን ይደብቃል፣ አንዱ መዝጊያውን ወደ ሌላ ጥግ ይወስዳል። አንድ ስክሪን ላይ አሥር መስኮት፣ አሥር ዓይነት። ጌትነት አንዱን ጠግኖ ሳይጨርስ ሌላው ይመጣበታል። ለፕሮግራሞቹ አዘጋጆች ጻፈ፣ ለመነ። 'ትለምዱታላችሁ' ብለው መለሱለት። አንድ ቀን ራሱን ይዞ 'ሊድያ፣ የአንድ መጽሐፍ ገጽ በአሥር ሰው እጅ ይጻፋል ወይ?' አለኝ። ትልቅ ሰውዬ አለቀሰ እኮ።»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

ሊድያ አንገቷን ደፋች። «እኔማ አዲሱን እወደው ነበር። ያምራል። 'አንተ ሰው፣ ዘመኑን ቆመህ ልታስቀረው ነው?' ብዬ ተጣልቼዋለሁ። ሦስት ቀን አልተነጋገርንም። አሁን ምን ዋጋ አለው።»

«ኮምፒውተሮቹን ወደ አዲሱ ማን ለወጣቸው?»

«ማክሰኞ ዕለት አቶ ግሩም አዘዘ፤ ኃላፊያችን ነው። እንግዶች ከአዲስ አበባ ስለሚመጡ ቤቱ የዘመነ ይምሰል አለ። አምስቱ ወደ አዲሱ መልክ ተለወጡ፤ በቀዩ ቦታም የሚያጠፋው መጣ። ጌትነት የራሱን ብቻ አላስነካም።»

«የመሪጌታ ጽሑፍ ባክአፕ አልነበረውም?»

«ነበረው። በየማታው ዲስክ ላይ የምገለብጠው እኔ ነኝ። ማክሰኞ ኮምፒውተሮቹ ሲቀየሩ ስለዋሉ አልገለበጥሁም፤ የሰኞው ግን ነበር። ትናንት ጌትነት ሲሰካው ዲስኩ ባዶ ነው። ማን እንዳጠፋው አላውቅም። ዲስኩን የምይዘው እኔ ነኝና በእኔ ይሆናል የሚፈረደው፤ ግን እኔ አይደለሁም።»

«መሪጌታን ስታደርሻቸው መቋሚያቸውን ይዘው ነበር?»

«አልያዙም። ጠረጴዛቸው ሥር ነበር የቀረው።»

ሊድያ ማልቀስ ጀመረች፤ ጽጌም ወጣች። በሩ ላይ አገኘሁ የሚባለው ጥበቃ ዳዊቱን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ይደግማል። ስታየው ዘጋውና ተነሣ።

«ትናንት ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ማን ነበር?»

«እኔ፣ ጌትነት፣ አቶ ግሩም። ሊድያ መሪጌታን አድርሳ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ቦርሳዋን ልትወስድ ተመለሰች። አሥራ ሁለት ተኩል ሳይሆን እሷም ወጣች፣ አቶ ግሩምም ተከትሏት ወጣ። ጌትነት ሲቀር አልገረመኝም፤ ማምሸት ልማዱ ነው። ብፈልገው ኖሮ።» የመጨረሻዋን ለራሱ ነው የተናገራት።

«መሪጌታ አልተመለሱም?»

«በዚህ በር አልገቡም።»

«በሐይቁ በኩል ቢመጡስ?» አለ ሳጅኑ ከኋላ።

«ዓይናቸው የማያይ ሽማግሌ፣ በምሽት፣ በዚያ ጭቃ?» አገኘሁ ሳጅኑን ከላይ እስከ ታች አየው። «እንግዲህ እርስዎ ካሉ በታንኳ መጥተው ይሆናል፤ ቀዛፊ ጠይቁ።»

ግሩም ቢሮው ውስጥ ነበር፤ የአርባ ዓመት ሰው፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ እንቅልፍ ያጣ ፊት ያለው። ይህን ቤት ሊመራ ከአዲስ አበባ ከመጣ ሦስት ወሩ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለው የራሱ ላፕቶፕ ብቻ ነው።

«በጣም ያሳዝናል» አለ። «ሁለቱም ያሳዝኑኛል። ሽማግሌው ግን የጥፋታቸውን ንዴት በልጁ ላይ ባይወጡት ጥሩ ነበር።»

«ጥፋታቸው ምንድን ነው?»

«ራሳቸው አጠፉት እኮ። ቀይ ቁልፍ፣ 'አጥፋ' የሚል። ሁለቴ ነኩት። በየትም አገር ቀይ ማለት አደጋ ማለት ነው፣ ሕፃን ያውቀዋል።»

«ለምን ነኩት ብለው ጠየቋቸው?»

«ምን እጠይቃለሁ? ዕድሜ ነው።»

«ዲስኩንስ ማን ባዶ አደረገው?»

«ዲስክ የሚይዙት ጌትነትና ሊድያ ናቸው። እኔ በቴክኒክ አልገባም።»

«የጌትነትን ኮምፒውተር ለምን እንደሌሎቹ አላስለወጡትም?»

ግሩም ፈገግ ለማለት ሞከረ። «እምቢ አለኝ፣ ተውኩት። ያንን የሙዚየም ዕቃ እኔ አንድ ቀን እንኳ ነክቼው አላውቅም።»

ጽጌ ይህችን ቃል ማስታወሻዋ ላይ እንዳለች ጻፈቻት።

የጌትነት ክፍል ወደ ሐይቁ የሚያይ ጠባብ ክፍል ነው። ኮምፒውተሩ እንደበራ ነው ያደረው። የአሻራ ባለሙያው ከጠዋቱ ሥራውን ጨርሶ ስለነበር ጽጌ በጣቷ ነካችው። ስክሪኑ ላይ ብራና የመሰለ ገጽ መጣ፤ ልብን የሚያሳርፍ፣ አንድም ነገር ከቦታው ያልወጣ። የመጨረሻውን ጽሑፍ ከፈተችው።

«አባቴ መሪጌታ፣ ነገ ጠዋት ሲመጡ ይህን አነብልዎታለሁ፤ በቃሌ ለመናገር ስለማልደፍር ጻፍሁት። እጅዎ አልተሳሳተም። እጅዎ አሥራ አራት ወር ሙሉ ባስተማርሁዎት ቦታ ላይ ነው ያረፈው፤ ቦታው ነው ከእጅዎ ሥር የተወሰደው። መከላከል ነበረብኝ፣ አልቻልሁም። ዲስኩን የደመሰሰው ሰው ነገ ራሱ ይነግርዎታል፤ ካልነገረዎት እኔ እነግርዎታለሁ። የየኔታን ቅኔ ከሚያስታውሱት ጀምረን እንደገና እንጽፋለን። እኔም ቀዩን ወደ ቦታው እመል»

እዚያ ላይ ይቆማል። ቃሉ አላለቀም።

ጽጌ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ከግርጌው ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ አየች፤ ጌትነት ሰዓቱን እንኳ በእኛ አቆጣጠር አድርጎት ነበር። የተቀመጠበት ሰዓት ረቡዕ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥራ ስድስት ደቂቃ ይላል።

«ሳጅን፣ የጌትነት ስልክ ከኔትወርክ የጠፋው ስንት ሰዓት ነው?»

ሳጅኑ ወረቀቱን ገለጠ። «አሥራ አንድ ከሃምሳ ሁለት። ከኪሱ ሲወጣ ውኃ ሞልቶት ነበር።»

ጽጌ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። ስክሪኑን እያየች ብዙ ቆየች። በላይኛው ቀኝ ጥግ ሁለት ቁልፎች አሉ፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጥቁር። እያንዳንዳቸው ላይ አንዳንድ የግዕዝ ቃል ተጽፎባቸዋል። አነበበቻቸውና አባቷ ትዝ አሏት።

«መሪጌታን አምጣልኝ» አለች። «ሌሎቹንም እዚህ ሰብስብልኝ።»

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም ጠባቧ ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። መሪጌታ በጸሎት ትከሻ ተደግፈው ገቡ። ሊድያ ጥግ ይዛ ቆመች፣ አገኘሁ ከበሩ አጠገብ፣ ግሩም እጁን አጣጥፎ መሐል ላይ። ሐይቁ በመስኮቱ ይታያል፤ ደረጃውም ይታያል፤ ማንም ወደዚያ ማየት አልፈለገም።

«አንድ ነገር እንድታሳዩኝ ነው የጠራኋችሁ» አለች ጽጌ። «እዚህ ላይ አንድ ገጽ ጽፌያለሁ። እያንዳንዳችሁ ተራ በተራ መጥታችሁ ታጠፉልኛላችሁ። የሚያጠፋውን ቁልፍ መንካት ብቻ ነው። አንዱ ሲነካ ሌሎቻችሁ ፊታችሁን ወደ ሐይቁ አዙሩ። ማንም አፉን እንዳይከፍት።»

አገኘሁ ቀረበ። ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ ቁልፎቹን ጎንበስ ብሎ አነበበና በሌባ ጣቱ ጥቁሩን ነካ። ገጹ ጠፋ፤ ጽጌ ሌላ ጻፈች። ሊድያ ሳታይ ማለት ይቻላል ጥቁሩን ነካች። መሪጌታን ጸሎት ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻቸው፤ እጃቸው ወደ ጥጉ ሄደና ከቀዩ ሸሽቶ ጥቁሩ ላይ አረፈ።

ግሩም መጨረሻ መጣ። ለአፍታ አላመነታም። ቀዩን ነካ። ገጹ ተጠቅልሎ ተዘጋ፣ እሱም ወደ ቦታው ተመለሰ።

ጽጌ ዓይኗን ለአፍታ ጨፈነች። «አሁን ዙሩ» አለች።

«ከመቋሚያው ልጀምር» አለች። «ሬሳው አጠገብ የተገኘው መቋሚያ ጫፉ ጭቃ አልነካውም። መሪጌታ ከእሱ ውጭ አራት እርምጃ አይሄዱም፤ ይዘውት ቢመጡ ኖሮ እስከ ስንዝር ይጨቀይ ነበር። ሊድያ እንዳለችው ጠረጴዛቸው ሥር ነው የቀረው። ስለዚህ ከዚያ አንሥቶ በእጁ ይዞ ወስዶ ያስቀመጠው ሌላ ሰው ነው፤ እርግማኑን የሰማ ሰው። ያ ሰው ትናንት ማታ እዚህ ግቢ ውስጥ ነበር። አገኘሁ፣ ሊድያ፣ አቶ ግሩም። ከእነዚህ ውጭ ማንም አልነበረም።»

ጽጌ ማስታወሻዋን ገለጠች።

«ጌትነት ከመሞቱ በፊት ደብዳቤ እየጻፈ ነበር። ዲስኩን የደመሰሰው ሰው ነገ ካልተናዘዘ እኔ እናገራለሁ ይላል። አሥራ አንድ ከሃምሳ ሁለት ላይ ከነስልኩ ውኃ ውስጥ ነው። ደብዳቤው ግን የተቀመጠው አሥራ ሁለት ከአሥራ ስድስት ላይ ነው። ከሞተ ከሃያ አራት ደቂቃ በኋላ አንድ ሰው እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ደብዳቤውን አነበበና አስቀመጠው። እኔን ግራ ያጋባኝ ይኼ ነው። ደብዳቤው እንዲገኝ የፈለገ ሰው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ጠዋት ይነግረኝ ነበር። ማንም አልነገረኝም። እንግዲያው ያስቀመጠው ሰው ሊያስቀምጠው አልፈለገም። ያጠፋው መስሎት ነው።»

ወደ ስክሪኑ ዞረች። «ጥቁሩ ላይ 'ኅድግ' ይላል፤ ተወው ማለት ነው። ቀዩ ላይ 'ዕቀብ' ይላል። ዳዊት የደገመ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ጠብቅ ማለት ነው። አገኘሁ በየጠዋቱ ይደግመዋል። ሊድያ ሁለት ዓመት ሠርታበታለች። መሪጌታንማ ተዉአቸው። በዚህ ቤት ውስጥ ቀዩን ለማጥፋት የሚነካ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው። አቶ ግሩም፣ አሁን የነኩት ገጽ ይኸው ነው።» ገጹን ከፈተችው። እንዳለ ነበር።

ግሩም ወደ ስክሪኑ ቀረበ። «ማዕቀብ...» አለ፤ «ዕቀብ ማለት ማገድ፣ መከልከል አይደለም እንዴ? በዚያ ላይ ቀይ ነው። ማንም ሰው ቢሆን...»

«ካንተ ሌላ ማንም አልነካውም። ትናንት ሽማግሌው ቀዩን ነክተው ጠፋባቸው ሲባል ሰምተሃል» አለች ጽጌ፤ እርስዎ ማለቱን ትታዋለች። «ለምን ቀዩን ነኩ ብለህ አንዴ ብትጠይቃቸው ኖሮ ይነግሩህ ነበር፤ ትናንትም ደብዳቤውን በትክክል ታጠፋው ነበር። አልጠየቅህም። ይህን ኮምፒውተር አንድ ቀን እንኳ ነክቼው አላውቅም ብለኸኛል። ዛሬ ጠዋት ማንም ሳይነካው ከቀዩ ላይ አንድ አሻራ ተነሥቷል። የጌትነት አይደለም። አሁን የቀረው ካንተ ጣት ጋር ማስተያየት ነው።»

ግሩም ግድግዳውን ተደገፈ፤ ከዚያ ቀስ እያለ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ለእንግዶቹ የሚታይ ፊልም የምጭንበት ዲስክ አጥቼ ነው» አለ። «ዲስኩ ላይ ምን እንዳለ አላየሁም፤ ደመሰስኩት። በማግስቱ ይኼ ሆነ። ጌትነት እኔ መሆኔን ደረሰበት፤ ከሚጽፍበት ጠርቼ ደረጃው ላይ ለመንኩት። አትንገር፣ እጠፋለሁ አልኩት። 'ራስህ ንገራቸው፣ ይቅር ይሉሃል' አለኝ። ደጋግሞ ይኼንኑ። ገፋሁት። ድንጋዩ እርጥብ ነበር። መግደል አልፈለግኩም።»

«ስትገፋው አልሞተም ነበር» አለች ጽጌ። ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። «ሐኪሙ ሳንባው ውስጥ ውኃ አግኝቷል። ፊቱን ቀና ብታደርገው ዛሬ በሕይወት ነበረ። አንተ መቋሚያ ልታመጣ ሄድህ።»

ሊድያ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ሳጅኑ ግሩምን አነሣው። በሩ ላይ ሲደርስ ግሩም ወደ መሪጌታ ዞረ፤ ግን ወሰዱት።

ጽጌ ወንበር ስባ ከመሪጌታ ፊት ተቀመጠችና ደብዳቤውን ቀስ ብላ አነበበችላቸው። ያላለቀችዋ ቃል ላይ ስትደርስ እሷም ቆመች።

«ነጻ ነዎት አባቴ» አለች። «እርስዎ አልገደሉትም።»

«ይቅርታ ሊጠይቀኝ ነበር?»

«አዎ።»

«እኔ ረግሜው ነው የሞተው። ይቅር ሳልለው።» እንባቸው በጢማቸው ላይ ወረደ፤ አልጠረጉትም። «እርግማኔ ባይገድለውም የመጨረሻ ቃሌ ያው ነው። ያን ማን ያነሣልኛል?»

ለዚህ መልስ ያለው ሰው ካለ እኔም ልስማው።

መሪጌታ እጃቸውን ወደ ስክሪኑ ዘረጉ። «ከሚያስታውሱት ጀምሩ ብሎኛል» አሉ። ጸሎት የፊደል ሰሌዳውን አቀረበችላቸው። ከየኔታ ቅኔ አንዱን ጀመሩ፤ አንድ መሥመር ጻፉ፤ ጣታቸው ቆመ። ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ፈለጉ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ፣ እንደገናም እዚያው ላይ ቆሙ።

«ሁለተኛው ቤት የለም» አሉ። «ትናንት ጠዋት ነበረ።»

ጸሎት ፊቷን አዞረች። ሽማግሌው የጻፉትን መሥመር ፊደል በፊደል አጠፉት፤ ገጹም ባዶ ሆነ።

«የጌትነት የክርስትና ስሙ ማን ነበር?»

«ኃይለ ገብርኤል» አለች ሊድያ።

መሪጌታ ፊደሉን እየዳሰሱ በዝግታ ጻፉ። አገኘሁ ከኋላቸው ቆሞ አነበበው፤ «ነፍሶ ለገብርከ ኃይለ ገብርኤል» ይላል፤ የአገልጋይህን የኃይለ ገብርኤልን ነፍስ ማለት ነው። ነፍሱን ምን እንዲያደርግለት እንደሚለምኑ አልተጻፈም።

«ልጄ፣ ቀዩ በቦታው ነው?»

«በቦታው ነው አባቴ» አለች ጽጌ።

እጃቸው ወደ ላይኛው ቀኝ ጥግ ሄደና ዕቀብ፣ ጠብቅ፣ የሚለውን ነካ። ገጹ ተጠቅልሎ ተዘጋ።

«ተቀመጠ?»

«ተቀምጧል።»

መሪጌታ ሊነሡ ሲሉ እንደልማዳቸው መቋሚያቸውን በእጃቸው ፈለጉ። መቋሚያው ማስረጃ ሆኖ ፖሊስ ጣቢያ ነበር። ልጃቸው ትከሻዋን ሰጠቻቸውና ቀስ እያሉ ወጡ።